ቁልቁል የተሰቀለው ሰው

ሰውየው በቀኝ እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ግራ እግሩን አጥፎ ከቀኙ ኋላ ስላሳለፈው ሁለቱ እግሮቹ መስቀል ሠርተዋል፤ እጆቹም ከጀርባው ናቸው። የተሰቀለበት ግንድ ቅጠል አለው፣ ገና ሕያው ነው። የሚገርመው ፊቱ ነው፤ ስቃይ አይታይበትም፣ በራሱ ዙሪያም አክሊለ ብርሃን በርቷል። ከ78ቱ የታሮት ካርታዎች ይህ «የተሰቀለው ሰው» የሚባለው ነው፣ ቁጥሩ 12። አርተር ኤድዋርድ ዌይት ሐሳቡን አቅርቦ ሠዓሊዋ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው ሲሆን በ1909 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለንደን ውስጥ ታተመ።

የእኛ ሰው ሥዕሉን ሲያይ ቁልቁል የተሰቀለው ቅዱስ ጴጥሮስ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። የካርታው ሰው የዘር ሐረግ ግን ከቅዱሳን ሳይሆን ከወንጀለኞች ይመዘዛል።

ታሮት በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ሲጀመር ተራ የካርታ ጨዋታ ነበር፤ ይህንንም ካርታ ኢጣሊያውያን «ከሃዲው» ይሉት ነበር። በዚያ ዘመን ከተሞቹ አገር የከዳን ወይም አበዳሪዎቹን አጭበርብሮ የጠፋን ሰው በአደባባይ ግድግዳ ላይ ዘቅዝቀው ያስሉት ነበር። ሰውየው አምልጦ ከሆነ አንገቱን ባያገኙ ክብሩን ይሰቅላሉ። አንድሬያ ዴል ካስታኞ በ1440 የፍሎረንስን ዓመፀኞች እንዲህ ስለ ሣለ «የስቅሎቹ አንድሬያ» የሚል ቅጽል ወጣለት። ታላቁ ቦቲቼሊም በ1478 በከተማዋ ኃያል ቤተሰብ በሜዲቺዎች ላይ ያሴሩትን ስሏል። በአንዳንድ ቀደምት ካርታዎች ላይ ሰውየው የገንዘብ ከረጢት ጨብጧል፤ ይሁዳ መሆኑን ለማወቅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ካርታው ለጥንቆላ መዋል የጀመረው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1781 ፈረንሳዊው አንቷን ኩር ደ ዤብላን ታሮት የጥንታዊት ግብፅ ጥበብ ነው ብሎ ጻፈ። ለዚህ አባባሉ ማስረጃ አልነበረውም። የተሰቀለው ሰው ግብፃዊ ትርጉም አልገጥም ሲለው ደግሞ ጥፋቱን በካርታ ሠሪው ላይ ጣለ፦ ሥዕሉ በአንድ እግሯ የቆመች «አስተዋይነት» ነበረች፣ ሠሪው ሳያውቅ ገለበጣት አለ። የድፍረቱን ያህል ያስቃል።

ዌይት ግን ሰውየውን አልገለበጠውም፤ እንደ ተሰቀለ ትቶ አክሊሉን ደፋለት። በፊቱ ላይ ያለውም ተመስጦ እንጂ ሥቃይ አይደለም ሲል አስረዳ። ለእኔ የካርታው ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። የሚላኖ መሳፍንት በ15ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ካርታ ላይ ያለው ሰውም ያው በአንድ እግሩ ተዘቅዝቋል፣ እጆቹም ከኋላው ናቸው፤ ራሱ ላይ ግን ምንም ብርሃን የለም። በአንዲት ቢጫ ክብ ምክንያት የሕግ ቅጣት የነበረው የነፍስ ትዕግሥት ሆነ። ዛሬ ካርታ የሚገልጡ ሰዎች መጠበቅን፣ በፈቃድ መተውን፣ ነገሩን ከሌላ ጎን ማየትን ያነቡበታል።

ካርታው ተገልብጦ ከወጣ ሰውየው ራሱን ወደ ላይ አድርጎ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ዤብላን እንደ ተመኘው ማለት ነው። ዌይት ለዚህ አቋሙ የሰጠው የመጀመሪያ ትርጉም ግን ራስ ወዳድነት ነው።