የተዛምዶ ኮኤፊሸንት፦ በሞያሌ ግጦሽና ከብት ምሳሌነት

እንደሚታወቀው፣ በስታቲስቲክስ ትምህርት የተዛምዶ ኮኤፊሸንት ለተማሪዎች የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ ረጅም ቀመር ነው። ተማሪው ቁጥሮቹን በቀመሩ ያስገባል፤ መልስ ያወጣል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄም ያልፋል። መልሱ ምን እንደሚናገር፣ በተለይም ምን እንደማይናገር፣ ሳይጠየቅ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሞያሌ አካባቢ በተወሰደ ምሳሌ እናብራራለን። ምክንያቱም በዚያ አገር ከብቶቹ ያለቁበት ቤተሰብ ገንዘብ ማግኘት አለማግኘቱ በዚህ ዓይነት ስሌት ላይ ሊመሠረት ችሏል።

ሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። የኬንያዋ ሞያሌ የምትገኘው በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ነው። የአካባቢው ዝናብ እንደ ሰሜኑ ደጋ በክረምት የሚጥል አይደለም። አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግድም ይመጣል። የአርብቶ አደሩ ኑሮ የተመሠረተው በእነዚህ ሁለት ዝናቦች ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በመጥፎ ሁኔታ አልፈዋል።

በእንዲህ ያለ አገር ተራው የኢንሹራንስ አሠራር አይመችም። በሰፊው ምድር እየዞረ የሞተ ላም የሚቆጥር ሠራተኛ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ሌላ ዘዴ ቀየሱ። ሳተላይት የምድሩን ልምላሜ ይለካል፤ ከልምላሜው በመነሣት በአካባቢው ከመቶው ምን ያህል ከብት እንደሚሞት ይገመታል። ግምቱ ከ15 ከመቶ ሲያልፍ ኢንሹራንሱን ለገዛው ሁሉ ይከፈላል። ይህ ውል በማርሳቢት መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከድርቁ በኋላ በኦክቶበር 2011 ተፈጸመ። በኢትዮጵያ በኩል በቦረና ተመሳሳይ ሥራ በ2012 ተጀምሯል። በኋላ በኬንያ አሠራሩ ተሻሽሎ፣ ክፍያው ከብቱ ከመሞቱ በፊት መኖ እንዲገዛበት ተደርጓል።

እንግዲህ የዕቅዱ ሁሉ ምሰሶ በልምላሜና በሞት መካከል ያለው ተዛምዶ ነው። ይህን ለመለካት ለመልመጃ ብቻ ያዘጋጀናቸውን የአምስት ወቅቶች ቁጥሮች እንውሰድ። «ሣ» የግጦሹ ልምላሜ ከ10 የተሰጠው ነጥብ፣ «ሞ» በአካባቢው ከ100 ከብት የሞተው ነው።

ሣ፦ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10
ሞ፦ 26፣ 22፣ 8፣ 10፣ 4

የሣ አማካይ 6፣ የሞ አማካይ 14 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ያለው ልዩነት ለሣ −4፣ −2፣ 0፣ 2፣ 4 ሲሆን፣ ለሞ 12፣ 8፣ −6፣ −4፣ −10 ይሆናል። ልዩነቶቹን ጥንድ በጥንድ አባዝተን ስንደምር −48 − 16 + 0 − 8 − 40 = −112 እናገኛለን። የድምሩ ምልክት ኔጋቲቭ መሆኑ ሣሩ ከአማካዩ ሲበልጥ ሞቱ ከአማካዩ እንደሚያንስ ያሳያል። ግን −112 ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ይህን ለማወቅ የየልዩነቶቹን ስኩዌር እንደምራለን፤ ለሣ 40፣ ለሞ 360 ይሆናል። 40 × 360 = 14400፤ የዚህም ስኩዌር ሩት 120 ነው። −112ን ለ120 ስናካፍል −0.93 ይመጣል። የተዛምዶ ኮኤፊሸንት የሚባለው ይህ ነው። ምንጊዜም ከ−1 እስከ +1 ባለው ክልል ውስጥ ይውላል። ሐሳቡን እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1888 አቅርቦት፣ ዛሬ የምንሠራበትን ቀመር ካርል ፒርሰን በ1896 አደላድሎታል።

ብዙ ተማሪዎች 0.93 ሲያዩ «93 ከመቶ» ብለው ያነባሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። በመቶኛ ለመናገር የሚፈልግ ቁጥሩን በራሱ ያባዛው። 0.87 ይሆናል፤ ማለትም በስኩዌር ከተለካው የሞት መለዋወጥ ውስጥ 87 ከመቶ ያህሉ ከግጦሹ ጋር በቀጥታ መስመር የሚሄድ ነው። በተጨማሪም አምስት ጥንድ ቁጥር እጅግ ጥቂት መሆኑን እናስተውል። ፈጽሞ የማይዛመዱ ነገሮች እንኳ አምስት አምስት ጊዜ ቢለኩ፣ ከመቶው አምስት ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ከ0.88 የሚበልጥ ተዛምዶ ያሳያሉ። ጥንዶቹ 20 ከሆኑ ግን ይኸው ወሰን ወደ 0.44 ይወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። በዚያው አካባቢ የሚኖር አንድ አባወራ በእነዚያው አምስት ወቅቶች ከ100 ከብቱ የሞተበት እንዲህ ነው እንበል፦ 10፣ 26፣ 4፣ 22፣ 8። ቁጥሮቹ ከላይ ያየናቸው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ተለውጧል። ስለዚህ አማካዩም የስኩዌሮቹ ድምርም አይለወጥም። የብዜቶቹ ድምር ግን −16 ብቻ ይሆናል፤ ለ120 ሲካፈል −0.13። ይህ አባወራ በመጀመሪያው ወቅት 10 ብቻ ሞቶበት ገንዘብ ይቀበላል። በአራተኛው ወቅት 22 ሲሞትበት ግን ሣሩ ለምለም ነበርና፣ ግምቱ 8 ያህል ብቻ ስለሚሆን ምንም አያገኝም። ሳተላይቱ አልተሳሳተም፤ ከብቱን የፈጀው በሽታ ወይም አውሬ ሊሆን ይችላል፤ ሊዘረፍም ይችላል። የአካባቢ አማካይ ተዛምዶ የእያንዳንዱ ቤት ተዛምዶ አይደለም። ይህም የሰሌዳ ጨዋታ እንዳይመስለን፦ በማርሳቢት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የውሉ ገዢዎች ከከባድ ጥፋት ሥጋታቸው በአማካይ 69 ከመቶው እነሱው ላይ እንደሚቀር አግኝቷል። በእኛ አስተያየት ይህ ዕቅዱን ከንቱ አያደርገውም፤ ሻጩ ግን ለገዢው አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

ኮኤፊሸንቱ የሚለካው ቀጥታ መስመርን ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1997 እና 1998 በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ከልክ ያለፈ ዝናብ ጥሎ ጎርፍና የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ ከብት ፈጅተዋል። ዝናብ ሲያንስም ሲበዛም ከብት ያልቃል ማለት ነው። ዝናቡ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፤ ሞቱ 9፣ 3፣ 1፣ 3፣ 9 ቢሆን፣ ዝምድናቸው ለዓይን እየታየ ኮኤፊሸንቱ ልክ ዜሮ ይሆናል። መምህሩ ከስሌቱ በፊት ነጥቦቹን በግራፍ ወረቀት ላይ ማስቀመጥን ግዴታ ቢያደርግ መልካም ነው።

ለመልመጃ ያህል ተማሪዎች በአሥር ገበያ ቀናት የፍየልና የበቆሎ ዋጋ ይመዝግቡ። በመጀመሪያ ሁለቱንም በብር፣ ቀጥሎ ሁለቱንም በአንድ ቋሚ ምንዛሪ ወደ ኬንያ ሽልንግ ለውጠው ያስሉ፤ መልሱ አንድ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ከቀመሩ ያስረዱ። ፍየል ሲረክስ በቆሎ ተወድዶ ካገኙትም፣ አንዱ ሌላውን ከማምጣቱ ይልቅ ሁለቱንም ያመጣ ሦስተኛ ነገር እንዳለ፣ ለምሳሌ ድርቅ፣ ይወያዩ። በመጨረሻም የየገበያውን ቀን ምንዛሪ እየወሰዱ እንደገና ያስሉት፤ ምንዛሪው የተለዋወጠ እንደሆነ መልሱም ይለወጣል፤ በምን ያህል እንደተለወጠ በደብተራቸው ይጻፉ።