የከተማው ሰው የሚመራው የፊልም በዓል
ሆሳዕናና የከምባታ ከተሞች ከሌሎች ልምድ ሊያገኙት የሚችሉት ትምህርት

የመስከረም ወር በጠባ ቁጥር በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ገበያዎች የሚታየው ግርግር ለአካባቢው ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። የሐዲያ ሕዝብ ያሆዴን፣ የከምባታ ሕዝብ ደግሞ መሳላን የሚያከብረው በመስቀል ሰሞን ስለ ሆነ፣ በሩቅ አገር የሚኖረው ልጅ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል፤ ሰንጋው፣ ቅቤው፣ ቡላው፣ ልብሱና የቤት ዕቃው በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይሸጣል። የበዓሉን ወጪ ማን እንደሚችለው ለተመለከተ ሰው ግን ከገበያው የሚበልጥ ቁም ነገር ይገኝበታል። ሴቶች ወራት አስቀድመው በማኅበር ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ወንዶች ለሰንጋ መግዣ የሚሆን ገንዘብ በቡድን ያስቀምጣሉ፤ ልጆች እንጨት ይሰበስባሉ። ደመወዝ የሚቆረጥለት አዘጋጅ ሳያስፈልግ፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ስለሚሠራ በዓሉ በጊዜው ይደርሳል።

ይህ የቆየ ልማድ ለዘመናዊ ነገርም እንደሚሠራ ከሚያስረዱት ጉዳዮች አንዱ የፊልም በዓል ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ደግሞ ፊልም በየሰው ኪስ ባለው ስልክ የሚታይ ሆኖአል። በመካከሉ የጎደለው ነገር ቢኖር፣ የአንድ ከተማ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ፊልም አይተው፣ ከዚያም ስላዩት ነገር የሚነጋገሩበት ጊዜ ነው። የፊልም በዓል ማለት ይኸው ነው፤ የተመረጡ ፊልሞች በተወሰኑ ቀኖች ለሕዝብ ታይተው ውይይት ይደረግባቸዋል። በዓለም ላይ ስማቸው ከተጠራው በዓሎች አንዳንዶቹ የተጀመሩት በባለሀብት ወይም በመንግሥት ሳይሆን፣ ጊዜያቸውን በነጻ በሰጡ የከተማ ሰዎች ነው።

በዋጋዱጉ የሆነው

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ በአፍሪካ ምዕራብ የሚገኘው የዋጋዱጉ ከተማ ነው። ዛሬ ቡርኪና ፋሶ በምትባለው፣ በዚያን ጊዜ የላይኛው ቮልታ ተብላ በምትጠራው አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በየካቲት ወር፣ ጥቂት የፊልም ወዳጆች በአንድ የባህል ማዕከል ተሰብስበው የአፍሪካን ፊልም ለሕዝብ የሚያሳይ ሳምንት አዘጋጁ። የአዘጋጁን ኮሚቴ የመሩት በአገሪቱ ቴሌቪዥን ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ አሊማታ ሳላምቤሬ ነበሩ። በዚያ የመጀመሪያ በዓል የ5 የአፍሪካ አገሮች ፊልሞች ታዩ። ለአብዛኛው ተመልካች በአፍሪካዊ እጅ የተሠራ ፊልም ማየት ከዚያ በፊት ያልታሰበ ነገር ነበር።

ያልታሰበ የሆነበት ምክንያት ንግድ ነክ በመሆኑ ለነጋዴ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። በቀድሞዎቹ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ፊልም የሚያስመጡትና የሚያከፋፍሉት ኮማሲኮና ሴክማ የተባሉ ሁለት የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ። ምን ዓይነት ፊልም እንደሚታይ፣ የትኛውም ከተማ መቼ እንደሚያየው የሚወስኑት እነርሱ ነበሩ። በዓሉ በተጀመረ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ የላይኛው ቮልታ መንግሥት ከኩባንያዎቹ ጋር ባለመስማማቱ ሲኒማ ቤቶቹን ወደ ሕዝብ ንብረትነት አዛወረ፤ ከቲኬት ሽያጭም አንድ ድርሻ ለአገሩ ፊልም ሥራ እንዲውል አደረገ። በበጎ ፈቃደኞች የተጀመረው ሳምንትም እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት አዋጅ ቋሚ ተቋም ሆነ፤ ፌስፓኮ በሚል ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የፊልም መሸጫና መለወጫ ገበያ ተጨምሮበታል። ኢትዮጵያዊው ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ የዚህን በዓል ከፍተኛ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2009 ተቀብሎአል።

በቲኬት የተከፈተ በር

ይኸው ኃይሌ ገሪማ ከዚያ በፊት ያሳለፈው ታሪክ ደግሞ፣ መንግሥት ሳይገባበት የከተማ ሰዎች ብቻ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳያል። በጎንደር ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ይህ የፊልም ሠሪ፣ ስለ ባሪያ ንግድ የሚተርከውን «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1993 አወጣ። ፊልሙ በበርሊን በዓል ለውድድር ቢቀርብም፣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ተመልካች አያገኝም ብለው ሊወስዱት አልፈለጉም። ኃይሌና ባለቤቱ ሽርኪያና አይና በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው ፊልሙን አሳዩ። ሕዝቡ ተሰልፎ ለሳምንታት ገባ። በሌሎች ከተሞችም የአካባቢው ጥቁር አሜሪካውያን ተሰባስበው አዳራሹን አፈላለጉ፤ ቲኬቱን በየቤተ ክርስቲያኑና በየሱቁ ሸጡ፤ ወሬውን ለጎረቤት ነገሩ። አከፋፋዮቹ ገበያ የለውም ያሉት ዕቃ ገበያው ተገኘለት። ባልና ሚስቱም በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፍተዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አከፋፋይ ገበያን የሚያየው ከሩቅ ሲሆን፣ የሠፈር ሰው ግን ጎረቤቱ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ደንበኛውን በስሙ የሚጠራ ባለሱቅ ይህን ከማንም የበለጠ ይረዳዋል።

በአገራችንም ቢሆን ንግድና ፊልም የተራራቁ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረውን የአዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል ያዘጋጀው ኢኒሼቲቭ አፍሪካ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ መሪው አቶ ክቡር ገና ቀደም ሲል የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። በዓሉ ትኩረቱን ያደረገው እውነተኛ ታሪክ በሚዘግቡ ፊልሞች ላይ ነው። የንግዱን ማኅበር የመራ ሰው ከመዝናናት ይልቅ ለውይይት የሚጋብዝ ፊልም መምረጡ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ድልድዩ

ከአዲስ አበባ ወደ ከምባታ ሲመለሱ፣ ውይይትን በመምራት ረገድ አገሩ ለሌላ የሚያስተምረው እንጂ ከሌላ የሚበደረው ብዙ እንዳልሆነ ይታያል። የከምባታ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር ሆነው ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማቸው የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ማስቀረት ነበር። ሕዝቡ ግን አስቀድሞ የነገራቸው ሌላ ችግር ነበር፤ ድልድይ ባለመኖሩ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ መሻገር አልቻሉም ነበር። ዶክተር ቦጋለች ይህን ሰምተው በመጀመሪያ ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ጆሮውን ሰጣቸው። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሴቱና የሃይማኖት አባቱ በየቀበሌው እየተሰበሰቡ፣ ከመካከላቸው በተመረጡ ሰዎች መሪነት ተወያዩ፤ ለዘመናት የኖረውንም ልማድ ራሳቸው አወገዙ። ሥራው ለዶክተር ቦጋለች የንጉሥ ቦዱዋንን የአፍሪካ ልማት ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እርሳቸው በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ ያስተማሩት የውይይት ዘዴ በአካባቢው ሰው ዘንድ ቀርቶአል።

የፊልም በዓልን የሚመራ ኮሚቴ ከዚህ የሚማረው፣ የሕዝቡን የዕለት ችግር ሳይሰማ ፊልም ይዞ የመጣ ሰው አዳራሹ ባዶ እንደሚሆንበት ነው። ታዲያ ዛሬ በሆሳዕናና በከምባታ ከተሞች ሕዝቡን የሚያሳስበው ጉዳይ ምንድን ነው? ማንኛውም ባለሱቅ የሚመልሰው መልስ አንድ ነው፤ የልጆቹ መንገድ።

ከዚህ አገር ብዙ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ መጓዝ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖአል። በዚያ ሱቅ ከፍተው የሚልኩት ገንዘብ በሆሳዕና ፎቅ አሠርቶአል፤ የሲሚንቶውን፣ የቆርቆሮውንና የጨርቁን ገበያ አድርቶአል። ገንዘቡ እንደሚመጣ ሁሉ መርዶም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው መገኘታቸው የሚረሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008ና በ2015 በደቡብ አፍሪካ በውጭ ዜጎች ሱቆች ላይ የደረሰው ዝርፊያና ቃጠሎም የብዙ ቤተሰብ ጥሪት አጥፍቶአል። ሆኖም በአንድ ቤት የተላከው ገንዘብ በአደባባይ ሲታይ፣ በሌላው ቤት የደረሰው ሐዘን በጓዳ ይቀራል። ወጣቱም የሚያየው ፎቁን ብቻ ነው።

ፊልም ይህን በጓዳ የቀረ ነገር በአዳራሽ ፊት ሊያወጣው ይችላል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ስደት የሚናገሩ ፊልሞች በልዩ ልዩ አገሮች የሚታዩበትን በዓል የጀመረው ይህንኑ በማሰብ ነው። «ጤዛ»ም ቢሆን በጀርመን ተምሮ ወደ መንደሩ ስለ ተመለሰ ሰው የሚተርክ በመሆኑ፣ ልጁን በውጭ አገር ላሳደረ ወላጅ ብዙ የሚናገረው አለው። ለልጁ ሂድ ወይም ቅር ብሎ መንገር የወላጁ ፈንታ ነው፤ የበዓሉ ድርሻ ወላጅና ልጅ ጉዳዩን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያዩት ማድረግ ነው።

ሥራው እንዴት ይከፋፈላል

እንዲህ ያለው በዓል ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሊመስል ይችላል። የሥራው ዝርዝር ሲታይ ግን አብዛኛው ጉልበትና እምነት እንጂ ገንዘብ አይደለም። በመጀመሪያ ፊልሙን የሚመርጡ ጥቂት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ መምህር፣ ነርስ፣ ሽማግሌ፣ ወጣት ከየወገኑ ቢኖርበት ይመረጣል። ሁለተኛው ከፊልሙ ባለቤት ፈቃድ መጠየቅ ነው። የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፊልም ሠሪው መብት ስለሚሰጥ፣ ያለ ፈቃድ ለሕዝብ የሚታይ ፊልም ቀረጥ ሳይከፈልበት ከገባ ዕቃ አይለይም። ሦስተኛው አዳራሹ፣ ነጭ መጋረጃው፣ የፊልም ማሳያውና የድምፅ ማጉያው ነው። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጀነሬተርም የግድ ነው፤ በመካከሉ የተቋረጠ ፊልም ተመልካቹን ለሁለተኛ ቀን አያመጣውም። አራተኛው ቋንቋ ነው፤ በሐዲይኛና በከምባትኛ የሚያስረዳ ሰው ካልተገኘ፣ ከገጠር ለገበያ የመጣችው እናት ከውይይቱ ውጭ ትሆናለች። አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሒሳብ ነው።

ለምሳሌ 200 መቀመጫ ባለው አዳራሽ ለ3 ምሽት ፊልም ቢታይና መግቢያው 50 ብር ቢሆን፣ አዳራሹ ሁልጊዜ ቢሞላ የሚገኘው 30,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የአዳራሽ ኪራይ፣ የነዳጅና የፈቃድ ክፍያ ይሸፍን ይሆናል፤ የመራጩን፣ የአስተርጓሚውን፣ የቲኬት ሻጩንና የጠራጊውን ደመወዝ ጭምር ይችላል ማለት ግን ዘበት ነው። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የበዓሉ ምሰሶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በነጻ የሚያገለግል ሰው ደግሞ ቅር የሚሰኘው ገንዘብ ባለማግኘቱ ሳይሆን፣ ገንዘቡ የት እንደገባ ባለማወቁ ነው። ዕድሩ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ገንዘብ ያዥ ተመርጦ፣ ደረሰኝ ተቆርጦ፣ በመጨረሻው ምሽት ገቢና ወጪው በአዳራሹ ፊት ቢነበብ፣ የከርሞ አገልጋይ አይጠፋም።

የነጋዴው ድርሻ ከዚህ ላይ ነው። ጀነሬተር ያለው ጀነሬተሩን ለ3 ምሽት ያውሳል፤ ሆቴል ያለው ለእንግዳ ፊልም ሠሪ አልጋ ይሰጣል፤ ማተሚያ ቤት ያለው ማስታወቂያውን ያትማል፤ ባለሱቁ ቲኬቱን በባንኮኒው ላይ ይሸጣል። ከዚህ የሚያገኘው ጥቅምም በምጽዋት መልክ የሚታይ አይደለም። ከየወረዳው ለፊልም የመጣ ሰው ያድራል፣ ይበላል፣ ይገዛል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል፤ ጀነሬተር ያዋሰ ነጋዴ ፊልሙን እኔ ልምረጥ ያለ ዕለት፣ በዋጋዱጉ የነበረው የሁለቱ ኩባንያዎች አሠራር በትንሹ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ምርጫው የኮሚቴው፣ ውይይቱም የሕዝቡ ሆኖ ሊቀር ይገባዋል።

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲቋቋም ሆሳዕና የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ 230 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቅ፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ሰው አላት፣ መንገድ አላት፣ ተነጋግሮ የመስማማት ልማድ አላት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለያሆዴና ለመሳላ በየዓመቱ የሚሠራው ማኅበር ለአንድ የፊልም ሳምንት የማይሠራበት ምክንያት የለም። በመስቀል ሰሞን ከውጭ አገር የተመለሰው ልጅ ከወላጁ ጎን ተቀምጦ፣ በመንገድ ያየውንና በደብዳቤ ያልጻፈውን ነገር ከመጋረጃው ላይ አይቶ፣ መብራቱ ሲበራ አፉን የሚከፍትበት ምሽት ለከተማው ከአንድ ሳምንት ገበያ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል።