የባትሪ ራቼት ጉልበቱ ለምን ያንሳል?

የባትሪ ራቼት ገዝቶ በመጀመሪያው ሳምንት ያላማረረ መካኒክ አላጋጠመኝም። ቅሬታው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይሄን ሁሉ ብር አፍስሼ የጎማ ብሎን እንኳ አይፈታልኝም!» ከዚያ ዕቃው የመሣሪያ ሳጥን ሥር ይወረወርና አቧራ ይጠጣል። ጋራዥ ውስጥ ካሉት የባትሪ መሣሪያዎች ሁሉ ያለ ጥፋቱ ስሙ የጠፋው እሱ ነው ባይ ነኝ። የጎማ ብሎን እፈታለሁ ብሎ ቃል የገባ ራቼት የለምና።

ለማያውቀው ሰው፦ ሞተርና ባትሪ የተገጠመለት ራቼት ነው። ቡሶላ ይሰካበታል፣ ማስነሻው ሲጫን ራሱ ይዞራል፣ አናቱ ላይ ያለችው መቀየሪያ ወደ መፍታት ወይም ወደ ማሰር ትመልሰዋለች። በቃ።

የጠበቀ ብሎን ማላላት የረጅም እጀታ ሥራ ነው። ቁልፉን ሰክቶ አንዴ መጫን፣ «ቋ» ሲል መተው። የመካኒክን ቀን የሚበላው ከ«ቋ» በኋላ ያለው ነው። ሞተሪኖ ያወረደ ሰው የምለው ይገባዋል። ባለ 14 ራስ ያለው ብሎን ላልቷል፤ ግን 3 ሴንቲ ሜትር ጥርስ ይቀረዋል እንበል። በጃፓን መኪኖች ላይ ይህ ብሎን በአንድ ዙር የሚወጣው 1.25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ገና 24 ዙር አለበት። ቦታው ሰፊ ቢሆን ማን ይጨነቃል? ነገር ግን እጀታው ወዲህ በሞተሩ ወዲያ በቱቦው ታግዶ በአንድ ምት 15 ዲግሪ ብቻ ቢያገኝ፣ ለአንድ ዙር 24 ምት፣ ለ24ቱ ዙር 576 ምት ይሆናል። ያውም መኪና ሥር በጀርባ ተንጋሎ፣ እጅ ወደ ላይ ተንጠልጥሎ። በደቂቃ 250 ጊዜ የሚዞር የባትሪ ራቼት ይህንኑ ከ6 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ይህን ዕቃ የምወደው ለእነዚህ 6 ሰከንዶች ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት አንድ ወሬ ላቀብላችሁ። ቡሶላ እየተቀያየረ የሚሰካበት ራቼት በአሜሪካ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ ባለቤቱም ጄ. ጄ. ሪቻርድሰን የሚባል የቨርሞንት ሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ፒተር ሮበርትስ የተባለ የሲርስ መደብር ሠራተኛ፣ ገና 18 ዓመቱ እያለ፣ ቡሶላውን በአንድ እጅ አውራ ጣት ተጭኖ የሚያስለቅቅ ራቼት ሠራ። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ራቼት 2 ሳንቲም ሊያስብለት፣ ጠቅላላው ግን ከ10,000 ዶላር እንዳይበልጥ አዋውሎ መብቱን ወሰደው። ራቼቱ በሚሊዮኖች ሲቸበቸብ ወጣቱ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1989 በ8.2 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። የሚገርመኝ፣ ይህን ሁሉ የተሟገቱባት ማስለቀቂያ ቁልፍ አንዳንዶቹ ውድ የባትሪ ራቼቶች ላይ የለችም። ቡሶላውን የምትይዘው አንዲት ትንሽ ኳስ ብቻ ስለሆነች ራቼቱን ስትስቡ ቡሶላው ብሎኑ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ ሲብስም ሞተሩ ሥር ወድቆ ስትፈልጉት ትውላላችሁ። ስትገዙ አናቱን አገላብጣችሁ እዩት።

አሁን ወደ ጉልበቱ። መካኒኮች ሲገዙ የሚጠይቁት ጥያቄ «ስንት ኒውተን ሜትር ነው?» የሚል ነው። ሚልዋኪ የተባለው ፋብሪካ ቀደም ብሎ ያወጣው ባለ 12 ቮልት ራቼት 47 ያህል አለው። ፊውል የሚባለው ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ተከታዩ ወደ 75 ከፍ ብሏል። በሌላ በኩል የዚያው ፋብሪካ አጭሩ ባለ ግማሽ ኢንች ኢምፓክት፣ እዚያው 12 ቮልት ባትሪ ላይ ተሰክቶ፣ ከ300 በላይ ያወጣል። ሰው ይህን ሲያይ «ራቼቱን አሳንሰው ነው የሠሩት፣ ቆጥበውብናል» ይላል። ፋብሪካው ሞተር አላጠረውም። ያጠረው የእኛ የእጅ አንጓ ነው።

ራቼት ብሎኑን በአንድ አቅጣጫ ሲያዞር ብሎኑም ራቼቱን በሌላው አቅጣጫ ያዞረዋል። ብሎኑ ላልቶ እየሮጠ ሳለ ይህ አይታወቅም። ብሎኑ ሲቆም ግን፣ ማለትም ሲጠብቅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ ወይም ሲፈታ ዝገት ሲይዘው፣ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ወደ እጀታው ይመለሳል። እጃችሁ ከብሎኑ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ ራቼቱን ቢይዝ፣ 75 ኒውተን ሜትር ማለት እጃችሁ ላይ 30 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ማለት ነው። ያውም ሳይነግር፣ በቅጽበት። የጣቶቻችሁ አንጓ ራዲያተሩ ጠርዝ ላይ የሚላጠው በዚህች ቅጽበት ነው። እንግዲህ 300 ኒውተን ሜትር ያለው ራቼት ቢሠራላችሁ አስቡት፤ እጃችሁ ከአንድ ኩንታል የሚበልጥ ግፊት መመከት ሊኖርበት ነው። ማን ይይዘዋል?

ኢምፓክት ታዲያ እንዴት ቻለ? እሱ አይገፋም፣ ይመታል። ውስጡ ያለው ከባድ ብረት በሞተሩ ኃይል ተሽከርክሮ ቡሶላው የሚሰካበትን ዘንግ ደጋግሞ ይቀጠቅጠዋል። ኃይሉ የሚጠራቀመው በሚሽከረከረው ብረት ውስጥ ነው፤ ምቱም እጅግ አጭር ስለሆነ እጅ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ጎሚስታው በአንድ እጁ የጎማ ዳዶ የሚፈታው ጡንቻው ስለበረታ አይደለም። አብዛኞቹ ራቼቶች ግን እንዲህ ያለ መዶሻ የላቸውም። ሞተሩ ማርሾቹን ያዞራል፣ ማርሾቹ መሃሉን የሳተ ዘንግ ያዞራሉ፣ ያ ዘንግ አናቱ ውስጥ ያለችውን ምላስ ወዲህ ወዲያ ያርገበግባታል። እጃችን በደቂቃ አርባ ጊዜ የሚያደርገውን ማሽኑ በሺህ ያደርገዋል ማለት ነው፤ ያ «ጠርርር» የሚለው ድምፅም ከዚያ ይመጣል። መዶሻ የተጨመረባቸው ራቼቶች አሉ፤ ግን መዶሻ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካለ ደግሞ ኢምፓክቱን ማን ከለከላችሁ?

ይህ ሁሉ «ያንሳል» ለሚሉት ነበር። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ መብዛቱ ነው። በአዲስ አበባ የሚነዱት አብዛኞቹ ቶዮታዎች ላይ ብሎን ስትፈቱ ውላችሁ የምትለዋወጧቸው ቡሶላዎች ሦስት ናቸው፦ 10፣ 12 እና 14። ባለ 10 ራስ ያለው ብሎን ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚጠብቀውም በ10 ኒውተን ሜትር ገደማ። ባለ 12ቱ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 25 ገደማ። ባለ 14ቱ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ 50 ገደማ። እንግዲህ «ደካማ» የተባለው ባለ 47 ራቼት እንኳ ባለ 10ሩን ብሎን ከሚፈልገው አራት እጥፍ በላይ ሊጠመዝዘው ይችላል! የቪትዝ ካንዴላ ለመቀየር የምትፈቱት የኮይል ብሎን ፋብሪካው የሚፈቅድለት 9 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ካንዴላው ራሱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ18 እስከ 25። ቴስታታው ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ማስነሻውን ግማሽ ሰከንድ ያህል አስረዝማችሁ ከያዛችሁ ወይ ብሎኑ ተቆርጦ ግማሹ ውስጥ ይቀራል፣ ወይ የቴስታታው ጥርስ ይበላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ወጪ ለደንበኛው እንዴት እንደምትነግሩት እናንተው ታውቃላችሁ።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ የማውቃቸው አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። የባትሪ ራቼት ይዞ የመጣውን ረዳታቸውን አልከለከሉትም፤ ሕግ ብቻ አወጡለት። የቴስታታ ክዳን ሲገጥም አጠገባቸው ነበርኩ። ልጁ ብሎኑን ቡሶላው ውስጥ አስገብቶ በማሽኑ ሊያስጀምር ሲጠጋ ሳያዩት፣ በድምፁ ብቻ፣ «አንተ ልጅ!» አሉት። «በጣትህ ሦስት ዙር ያልሄደ ብሎን በማሽን አይሄድም።»

«እሺ ጋሼ፣ ግን ቀጥ ብሎ ነው የገባው።»

«ቀጥ ማለቱን ጣትህ ይንገረኝ፣ አንተ አትንገረኝ።»

ልጁ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ አስጀመረ። ከዚያ ራቼቱን አንስቶ እያንዳንዱን ክዳኑን ሊነካ አንድ ዙር ያህል ሲቀረው አቆመ፤ ማስነሻውን በዝግታ ሲጫን ማሽኑም በዝግታ እንደሚዞር ያኔ ነው ልብ ያልኩት። የቀረውን ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቀ በትንሽ ቶርክ ሬንች ጨረሰው። አሠራሩ ይኸው ነው፤ ጣት ያስጀምራል፣ ራቼት ያደርሳል፣ ቶርክ ሬንች ይጨርሳል። የብዙ ቶዮታዎች የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ስለሚፈልግ ለራቼቱ ከአቅሙ በላይ ነው፤ እሱን እርሱት።

ምርጫው ከዚህ በኋላ ብዙ አያስቸግርም። መጀመሪያ የአናቱን ውፍረትና ስፋት እዩ፤ ይህ ዕቃ የሚገዛው ለሚገባበት ቦታ ነው። ሰፊ አናት ያለው 75 ኒውተን ሜትር ከጠባቡ 47 አይሻልም። አንገቱ የረዘመ ዓይነትም አለ፤ ለታችኛው ሥራና ለጥልቅ ቦታ ግሩም ነው፣ በሌላ ቦታ ግን እጀታው ይሰናከላል። ቀጥሎ ፍጥነት። 47 ያህል ኒውተን ሜትር ያለው የማኪታ ባለ 18 ቮልት ራቼት በደቂቃ እስከ 800 ዙር ይሄዳል፤ ከላይ ያነሳሁት ቀደምቱ ሚልዋኪ ግን 250። ጉልበታቸው እኩል ነው፣ ፍጥነታቸው ግን ሦስት እጥፍ ይለያያል። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም፤ እሱም የሚያየው ኒውተን ሜትሩን ነው። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ይሁን። ግማሽ ኢንች ስላላችሁ የሞተሩ ጉልበት አይጨምርም፤ ቡሶላው ብቻ ይወፍራል።

በቮልት አትታለሉ። ባለ 12 የሚባለው ሦስት ሴል ነው፣ ባለ 18ቱ አምስት። «20 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ያው አምስቱ ሴል ሙሉ ቻርጅ ሲሆን የሚያሳየው ቁጥር ነው። ለራቼት እኔ 12ቱን እመርጣለሁ፣ ክብደቱ ቀላል ነው። ኢምፓክትና መሰርሰሪያ ያላችሁ ሰዎች ግን ባትሪው የሚጋራበትን ፋብሪካ ተከተሉ፤ ሁለት ዓይነት ቻርጀር ጋራዥ ውስጥ የጠብ መነሻ ነው።

ሁለት ነገር ስታደርጉ ሳይ ያመኛል። አንደኛው ራቼቱ ሲያቅተው እጀታው ላይ ቱቦ ሰክቶ መጎተት ነው። ማስነሻውን ለቅቆ በእጅ ትንሽ መጫን ይቻላል፣ ለዚያም ታስቧል፤ ቱቦ ሲጨመር ግን ውስጥ ያለችው ምላስ ናት የምትሰበረው። ሁለተኛው የመኪናውን ባትሪ ሳያላቅቁ ሞተሪኖ መንካት ነው። ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ ሞተሪኖው ላይ መኪናው ቢጠፋም ኃይል አለው። የራቼቱ አናት ብረት ነው፤ የዚያን ሽቦ ዳዶ እየፈታ የሞተሩን አካል ከነካ ብልጭታው ለዓይንም ለኪስም አይበጅም። የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ፍቱ።

የመጨረሻው ጉዳይ ዘመድ ነው። ብዙዎቹ ዕቃዎች እዚህ የሚደርሱት ከአሜሪካ በሚመጣ ወንድም ወይም እህት ሻንጣ ነው። በአሜሪካ የሚሸጠው ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። ሶኬቱን በመቀየሪያ አስገብታችሁ ብትሰኩት ዕቃው በመጣበት ዕለት ቻርጀሩ ይቃጠላል። ጀርባውን አንብቡ፦ «100–240» ከሚል ግቡበት፣ «120» ብቻ ከሚል ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት በኩል ችግር የለበትም፣ ሶኬቱ ብቻ ይለያል። ለሚመጣው ሰው ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ተነቅለው የሚጓዙት የሊቲየም ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ ነው የሚገቡት፣ ጫፋቸው በፕላስተር ተሸፍኖ። ባለ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓቱ ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከ100ው ገደብ በታች ነው፣ ያልፋል። ራቼቱ ራሱ ግን ከ7 ኢንች ስለሚረዝም የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች በእጅ አያሳልፉትም፤ እሱ ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግባ።