የሴቶች የዕደ ጥበብ ንግድ በሐረርጌ

የሴቶች የዕደ ጥበብ ንግድ በሐረርጌ ሴቶች ራሳቸው አምርተው የሚሸጧቸውን የእጅ ሥራዎች፣ በተለይም ስፌትን፣ የሚመለከት የንግድ ዘርፍ ነው። በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ጥጥ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ስፌት ግን ሣሩን ከማዘጋጀት እስከ ሽያጩ በሴቶች እጅ ነው።

ከሁሉ የታወቀው የሐረር ስፌት ነው። በባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ በጌ ጋር፣ ሰፌዶችና ባለ ክዳን ሙዳዮች በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ሰፊዋ የሣሩን ዘለላ እያዞረች፣ ቀለም በተነከረ ሣር እየጠመጠመች በወስፌ ትሰፋለች። አንድ ደህና ዕቃ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። የሐረር ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስፌቱም ከከተማዋ መለያዎች አንዱ ነው።

የሚያንሰው ሙያ አይደለም። ስፌት ከቤት ሥራ በተረፈ ሰዓት ስለሚሠራ ሰዓቱ ዋጋ አይወጣለትም፤ የሣሩና የቀለሙ ወጪ ከተመለሰ ትርፍ የተገኘ ይመስላል። ስለዚህ ጠቃሚው ሥልጠና መስፋትን የሚያስተምር አይደለም (ያንንማ አሠልጣኙ ከሰፊዋ ቢማር ይሻላል)፤ ጉልበትን ጨምሮ ዋጋ መተመንን፣ በአንድ ልክ ደጋግሞ መሥራትንና የማይለቅ ቀለም መጠቀምን ነው። ሃያ እኩል ሰፌድ ያዘዘ ሱቅ ሃያ የተለያየ ቢቀርብለት ሁለተኛ አያዝም።

ሌላው ጉዳይ ብድር ነው። የጥቃቅን ብድር ለማስፋፊያ አይበቃም፤ ባንክ ደግሞ በብዙ ሴቶች ስም የሌለውን ቤት ወይም ሌላ ንብረት በመያዣነት ይጠይቃል። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2012 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ በሰጠው 50 ሚሊዮን ዶላር ብድር የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ተጀመረ። ብድርንና ሥልጠናን ያጣመረ ሲሆን በመጀመሪያ የታቀደው ለስድስት ከተሞች ነበር፤ ለሐረርጌ ቅርቧ ድሬዳዋ ነበረች። በአዋሽና በሚኤሶ መካከል በዋናው መንገድ ላይ ያለችውን ቦርደዴን የመሳሰሉ ትንንሽ ከተሞች ከዚያ ዝርዝር ውጭ ነበሩ።

በሚኤሶ አካባቢ ግን ሴቶች ለገበያ ችግር የራሳቸው መላ አላቸው። ወተት ሻጮች በቡድን ሆነው የየቤታቸውን ወተት ያዋጣሉ፤ ባለተራዋ ሁሉንም ወስዳ ትሸጣለች፤ የዕለቱ ገቢም የእሷ ይሆናል። ቀሪዎቹ ከመንገዱ ያርፋሉ፣ ጥቂት በጥቂት የሚበተነውም ገንዘብ በአንድ እጅ ተሰብስቦ ለቁም ነገር ይውላል። ለስፌት ገቢውን እንደየዕቃው መክፈል ይቀላል፤ ሙዳይ እንደ ወተት አይቀላቀልምና የማን እንደሆነ ይታወቃል። ተራውን መያዝ ግን ለሰፊዎችም ይሠራል፤ አንዷ ገበያ ስትውል የሌሎቹ ወስፌ አይቆምም።