ዕንቁላል የያዘ ባርበስን በወንዝ ላይ በደህና ይዞ ስለመልቀቅ

መግቢያ

የክረምቱ ዝናብ ወንዞችን ሲሞላ ባርበስ የተባለው ዓሣ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ እንደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ባሉት ገባር ወንዞች ሽቅብ ይጓዛል። ዕንቁላሉን በብዛት የሚጥለው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ ጥልቀት በሌለውና ጠጠራማ በሆነ ወራጅ ውኃ ውስጥ ነው። ከጎጃም ደጋ ወደ ዓባይ በሚወርዱት ወንዞችም ባርበስ ስለሚገኝ ምክራችን ለደብረ ማርቆስና አካባቢውም ያገለግላል።

ለምን ይለቀቃል?

ዓሣው በአንድ ወቅት በአንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ በቀላሉ ይያዛል፤ በዚያው መጠንም ቶሎ ያልቃል። በጣና ሐይቅ በ1983-85 ዓ.ም. እና በ1991-93 ዓ.ም. የተደረጉት ጥናቶች ሲነጻጸሩ የባርበስ መጠን በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ይበልጥ የተጎዱትም ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ናቸው።

ይህ ወቅት የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ያልደረሰበት መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ በተፈቀደ ቦታና ጊዜ በመንጠቆ የሚያጠምደውን ሰው ሁሉንም ልቀቅ አንለውም። ሆዷ የተነፋውንና የለሰለሰውን እናት ዓሣ ግን ይልቀቅ። አንዷን መብላት ገና ያልተወለዱትን ብዙዎች መብላት ነው።

አያያዝና አለቃቀቅ

1ኛ/ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ይመረጣል። ጥርሱን በጉጠት መደፍጠጥም ይቻላል።

2ኛ/ ዓሣዋን ሳያደክሙ ቶሎ ወደ ዳር መሳብ፤ በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ አለመጎተት።

3ኛ/ ከመንካት በፊት እጅን ማርጠብ። ደረቅ እጅ ገላዋን ከበሽታ የሚጠብቀውን የሚያዳልጥ ልባስ ይገፍፋል።

4ኛ/ በአንድ እጅ ከጅራቷ ሥር፣ በሌላው ከደረቷ በታች መደገፍ። ሆዷን መጭመቅ፣ በምትተነፍስበት ስንጥብ ውስጥም ጣት ማስገባት ክልክል ነው።

5ኛ/ መንጠቆውን ከውኃ ሳያወጡ መንቀል። ጠልቆ ከተዋጠ ሲባጎውን አፏ አጠገብ መቁረጥ ይሻላል።

6ኛ/ ራሷን ወደ ወንዙ መምጫ አዙሮ፣ በዝግታ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ደግፎ መቆየት። በራሷ ኃይል ስትዋኝ ብቻ መልቀቅ።

ከስንጥቧ ብዙ ደም የሚፈስ ከሆነ ግን ብትለቀቅም የመዳን ዕድሏ አነስተኛ ስለሆነ ለምግብ ትዋል።

የማኅበራትና የልማት ሠራተኞች ድርሻ

በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ይለቀቃል፤ መረብ ያነቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። የብርብራ ዱቄትማ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን ከልክሏል። ስለሆነም ማኅበራት በመራቢያው ወራት በወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ ይስማሙ፤ ብርብራ የሚበትነውንም ያስቁሙ። የልማት ሠራተኞች ደግሞ ዓሣው መውጣት ከመጀመሩ በፊት፣ በሐምሌ ወር፣ አያያዙን ወንዝ ዳር ወርደው በተግባር እንዲያሳዩ እናሳስባለን።