«ታተመ»፣ «ተቀረጸ» ወይስ «ተተኮሰ»? በቀድሞ ፕሮሰሰሮች ላይ ስለሚገኙ ጽሑፎች አሰያየም

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተሠሩ የኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ሽፋን ላይ የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ቁጥርና የተሠራበት ጊዜ ኮድ ሰፍረው ይገኛሉ። ይህን የሚያብራራ የውጭ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ታተመ»፣ «ተቀረጸ» ወይም «ተጻፈ» ሊባል ይችላል። ሦስቱም ለጆሮ ይስማማሉ። ነገር ግን ዕቃው እውነተኛ ነው ወይስ የተጭበረበረ ብሎ ለሚመረምር አንባቢ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በቀለም ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱን እንመልከት። ጽሑፉ በመጀመሪያ በሰሌዳ ላይ ጎድጎድ ተደርጎ ይቀረጻል። ሰሌዳው ቀለም ከተቀባ በኋላ ከላይ የተረፈው በስለት ይጠረጋል፤ ቀለሙም በጎድጓዳው ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ለስላሳ የሲሊኮን ትራስ ሰሌዳውን ተጭኖ ቀለሙን ያነሣና በፕሮሰሰሩ ላይ ያሳርፈዋል። በመጨረሻም ቀለሙ በሙቀት ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር እንዲጠነክር ይደረጋል። እንግዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ መቀረጽ አለ፤ የሚቀረጸው ግን ሰሌዳው እንጂ ፕሮሰሰሩ አይደለም። ተርጓሚን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ስለዚህ ለቀለሙ «ታተመ» የሚለው ግሥ ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል። «ማኅተም» የሚለው ስም ከአሠራሩ ጋር ቢቀራረብም የባለሥልጣንን ማረጋገጫ ስለሚያሳስብ አንመርጠውም።

በሌዘር የሚሠራው ከዚህ ይለያል። ጨረሩ ቀለም ሳይሻ የሽፋኑን ገጽ በጥቂቱ አቃጥሎ መልኩን ይለውጠዋል። «ተቀረጸ» እዚህ ቢገባ ስሕተት አይባልም፤ ሆኖም ቃሉ በእንጨትና በድንጋይ ላይ ከሚሠራው አልፎ ለድምፅና ለፊልም ቀረጻም ስለሚያገለግል ሸክሙ በዝቷል። የከብት መለያ በጋለ ብረት ሲተኮስ ምልክቱ የቆዳው አካል እንደሚሆን ሁሉ የሌዘሩም ጽሑፍ የሽፋኑ አካል ይሆናል። ስለሆነም «በሌዘር የተተኮሰ ጽሑፍ» የሚለውን እናቀርባለን። ጠመንጃን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ልብስም ይተኮሳልና ተቃውሞው ብዙ የሚያስጨንቅ አይመስለንም።

ልዩነቱ ጥቅም የሚሰጠው በምርመራ ጊዜ ነው። ቀለም በሟሟ ፈሳሽ ሊለቅ ይችላል። የአሜሪካ ጦር መመዘኛ ሚል-ስታንዳርድ-883 በ2015ኛው የፍተሻ ዘዴው ጽሑፉ በሟሟ ፈሳሽ ተነክሮ በብሩሽ እየተፈገፈገ እንዲፈተን ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዝቅተኛ ፍጥነት ፕሮሰሰሮችን ጽሑፍ ፍቀው የከፍተኛ ፍጥነት ቁጥር በማተም የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ነበሩ። «በቀለም ታትሟል» የሚለውን መግለጫ «ተቀርጿል» ብሎ የመለሰ ተርጓሚ እውነተኛውን ዕቃ ሐሰተኛ ያሰኘዋል። የሌዘር ጽሑፍም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ሽፋኑ ተፍቆና እንደገና ተቀብቶ ሌላ ሊተኮስበት ይችላል።

አኃዞቹም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የተለመደው የጊዜ ኮድ አራት አኃዝ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ የኋለኞቹ ሳምንቱን ያመለክታሉ፤ 8523 ማለት የ1985 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ፕሮሰሰር ግን ስሙ ራሱ 8008 ነው። ይህን እንደ ጊዜ ኮድ ያነበበ ሰው የ1980ን ስምንተኛ ሳምንት ያገኛል፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ቢመልሰው ደግሞ የካቲት 1972 ዓ.ም. ይሆናል። ፕሮሰሰሩ በወጣበት ጊዜ በእኛ አቆጣጠር 1964 ዓ.ም. ነበር። አንዱ 1972 ከሌላው ጋር የሚገናኘው በአጋጣሚ ብቻ መሆኑን አንባቢ በምን ያውቃል? 8086 ግን በጊዜ ኮድነት ሊነበብ አይችልም፤ ዓመት 86 ሳምንት የለውምና። በዚሁ ፕሮሰሰር ላይ ከኢንቴል ስም ጋር የሚታየው 1978 የባለቤትነት መብቱ ዓመት ስለሆነ ከዚያ በኋላ በተሠሩትም ላይ ይገኛል።

ስለዚህ ተርጓሚው ኮዱን እንደ ሰፈረ ይተወው፤ ፍችውን በዐረፍተ ነገር ሲሰጥ «እ.ኤ.አ.» ማለትን አይዘንጋ።