ጄሪ ያንግ
ጄሪ ያንግ (እ.ኤ.አ. በ1968 በታይፔ፣ ታይዋን ተወለደ) ከዴቪድ ፋይሎ ጋር ያሁን የመሠረተ አሜሪካዊ የኢንተርኔት ሥራ ፈጣሪ ነው። ሁለቱ በ1994 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ድረ ገጾችን በየዘርፉ መመዝገብ ጀመሩ፤ ዝርዝሩ በዓመቱ ኩባንያ ሆነ።

በ2005 ያሁ 1 ቢሊዮን ዶላርና የቻይና ቅርንጫፉን ሰጥቶ የአሊባባን 40 ከመቶ ድርሻ ገዛ። ያንግ በ2007 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። በ2008 ማይክሮሶፍት ያሁን በ44.6 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲጠይቅ ግን፣ ያንግና የዳይሬክተሮች ቦርዱ ዋጋው ያንሳል ብለው አልተቀበሉም። ብዙ ባለአክሲዮኖች ተቆጡ፤ ያንግም በ2009 ሥልጣኑን ለካሮል ባርትዝ አስረከበ፣ በ2012 ኩባንያውን ጨርሶ ለቀቀ። በ2017 ቬራይዞን የያሁን የኢንተርኔት ሥራ በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ከሽያጩ ውጭ የቀረው የአሊባባ ድርሻ፣ ከፊሉ ቀደም ብሎ የተሸጠ ቢሆንም፣ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያወጣ ነበር።